በግዝት የተጠበቀው የሙከራ ክፍል

ሥራ የጀመርሁ ዕለት ሥራ አስኪያጃችን አቶ ጌታሁን የማሽን ክፍሉን ከፍተው ሰርቨሩን በሩቁ አሳዩኝ። «ሰብለ፣ የጀልባው ቲኬት ሁሉ የሚቆረጠው በዚህ ነው። እንዳትነኪው!» አሉኝ። የተቀጠርሁት ግን እሱኑ ለመንካት ነበር። በመጀመሪያ ቀን ከአለቃ ጋር ክርክር አይያዝም ብዬ እጄን ኪሴ ከትቼ አየሁት።

ድርጅታችን ከባሕር ዳር ደልጊ በሳምንት አንዴ የሚመላለስ የመንገደኞች ጀልባ አለው። ጉዞ ሲቀር ሰርቨሩ በኢንተርኔት በኩል ለተሳፋሪው ሁሉ የስልክ መልእክት ይልካል። አዲስ ፕሮግራም በመጣ ቁጥር በዚሁ በሚሠራው ሰርቨር ላይ እንጭንና የሚሆነውን እናያለን። አንድ ጊዜ አንዱን ወንበር ለሁለት ሰው ሸጠ፤ ሁለቱም ደልደል ያሉ ሰዎች ነበሩ። ያን ጊዜ አቶ ጌታሁን ራሳቸው ጠርተው «በይ እንግዲህ፣ መላ በይ» አሉኝ።

መላው የታወቀ ነው። የሰርቨሩን ዲስክ እንዳለ ገልብጬ ለሙከራ በሌላ ማሽን ላይ አስነሣሁት። ቅጂው ስሙም አድራሻውም ከዋናው ጋር አንድ ስለሆነ ዋናው እኔ ነኝ ብሎ ያምናል። ስለዚህ የኔትወርክ ገመድ የሚሰካበትን ስዊች ለራሱ ሰጥቼ ክፍል ውስጥ ለብቻው ዘጋሁበት። ከቢሮው መስመር አንድ ገመድ አይገባም፤ ኢንተርኔት የለም። የተሳፋሪዎቹንም ስልክ ቁጥር በሐሰተኛ ልቀይር ስል አቶ ጌታሁን እምቢ አሉ።

«ቦርዱ ሥራሽን ሊያይ ሲመጣ የውሸት ተሳፋሪ ላሳይ ነው?»

«ቁጥሩ የእውነት ከሆነ አንድ ቀን መልእክት ይሄድበታል።»

«በየት በኩል? ዘግቼዋለሁ አላልሽም?»

እኔም በሩ ላይ «ገመድ ማስገባት ክልክል ነው» ብዬ ለጠፍሁ።

መብራት ሲጠፋ ማሽን በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ በየክፍሉ አለን፤ ባትሪው አዲስ የሆነው ግን የሙከራ ክፍሉ ብቻ ነበር። ይህን ደግሞ ከጥበቃው እስከ ሒሳብ ሹሙ የማያውቅ የለም።

ጀልባው ከደልጊ ወደ እኛ ሊነሣ በተዘጋጀበት ጠዋት መብራት ጠፋ። የዋናው ሰርቨር ባትሪ ወዲያው ሞተ። እኔ በቅጂው ላይ የጉዞ ስረዛ እየሞከርሁ ስለነበር የደልጊውን ጉዞ ሰርዤዋለሁ። መልእክቶቹ «አልተላከም» እያሉ ተደርድረዋል፤ ክፍሉ በደንብ መዘጋቱን የማውቀውም በዚህ ነው። ሠራተኛው ቻርጅ ሊያደርግ ስልኩን ይዞ ገባ፤ ሶኬቱ ሁሉ ተያዘ። በመጨረሻ የመጡት አቶ ጌታሁን ቦታ ሲያጡ ስልካቸውን በዩኤስቢ ገመድ ሰርቨሩ ላይ ሰኩት። የእሳቸው ስልክ ደግሞ ኢንተርኔቱን ለተሰካበት ሁሉ እንዲያካፍል ተደርጎ የተተወ ነው።

ስክሪኑ ላይ አንዱ መልእክት «ተልኳል» ሆነ። ቀጥሎ ሌላው። ከዚያ ሁሉም። ዘልዬ ገመዱን ነቀልሁት።

«ኧረ ስልኬን! ሊዘጋብኝ ነው!» አሉ አቶ ጌታሁን።

«የደልጊን ተሳፋሪ ወደ ቤቱ ሰደዱት እኮ!»

ወዲያው የደልጊው ወኪላችን ደወለ። ሰው እየተበተነ ነው። ቄስ እንየው የሚባሉ አባት በማግሥቱ ባሕር ዳር ላይ የዓይናቸው ሞራ ሊገፈፍ ቀጠሮ ነበራቸው፤ ልጃቸው መልእክቱን አንብባላቸው ወደ ቤታቸው መንገድ ጀምረዋል። ስንት ወር የተጠበቀ ቀጠሮ በእኛ ስልክ መሰካት ሊቀር ነው። እንዲህ ደንግጬ አላውቅም።

ዋናው ሰርቨር ሞቷል። ስለዚህ የአለቃዬን ስልክ መልሼ እዚያው ቅጂው ላይ ሰካሁና «ጀልባው አለ፤ ተመለሱ» ብዬ ላክሁ። ለቄስ እንየው ደግሞ ደወልሁ።

«ቅድም ቀርቷል ያላችሁ እናንት፣ አሁን አለ የምትሉ እናንት። የቱን ልመን?»

«የቅድሙን የላከው ለሙከራ ያስቀመጥነው ማሽን ነው፣ አባ።»

«የአሁኑንስ?»

«እሱው ነው።»

«እግዚኦ! መሞከሪያ አጥታችሁ በእኔ ዓይን ትሞክራላችሁ?»

«ስለ ኪዳነ ምሕረት ብለው ይመለሱ፣ አባ። ጀልባው ይጠብቅዎታል።»

ተመለሱ። ካፒቴኑ እየተነጫነጨ ጠበቃቸው።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ አንድ ዓይናቸው እንደተሸፈነ ሊቆጡን ቢሮ መጡ። አቶ ጌታሁን ቀድመው መስቀል ተሳለሙና «አባ፣ ማስታወቂያ የሚሰማ ሰው ጠፋ። ይህን ክፍል ይግዘቱልኝ» አሉ።

«ያን ዕለት የሰካው ማን ነበር?»

ሁላችንም ጫማችንን አየን። አቶ ጌታሁንም ጫማቸውን አዩ።

«መብራት ሲጠፋስ ሠራተኞቹ ስልካቸውን የት ይሰኩት?» አሉ ቄስ እንየው። ከዚህ ክፍል ሌላ መሰኪያ እንደሌለ ነገርኋቸው። «እንዲያ ከሆነ አልገዝትም። ዛሬ ገዝቼ ነገ ስፈታ ልውል ነው?»

ከዩፒኤሱ መስመር ስቤ ኮሪደሩ ላይ ዲቫይደር ዘረጋሁ። ይህን ካዩ በኋላ በሙከራ ክፍሉ በር ቆመው መስቀላቸውን አነሡና «ከዚህ ማሽን ላይ ስልክ የሰካ፣ ውጉዝ ከመ አርዮስ!» አሉ። ከዚያ ከቀሚሳቸው ኪስ ስልካቸውን አወጡ። ኮሪደሩ ላይ መጀመሪያ የሰኩት እሳቸው ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ያን በር ስልክ ይዞ ያለፈ የለም። የተሳፋሪዎቹንም ቁጥር በሐሰተኛ ቀየርሁ፤ አቶ ጌታሁን ትንፍሽ አላሉም።

ሙያውን ለምትጀምሩ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ማሽን ለብቻው ከመዝጋታችሁ በፊት ለሰው ስልክ መሰኪያ አብጁለት።