ለብቻዬ የተገዛችው ድስት

ልጅ ሳለሁ፣ ሞጣ ላይ ሲመሽ መብራት የማይታይበት ቤት ቢኖር የእኛ ነበር። እናቴ ሞታለች፤ አባቴ ቢቸና የሚመላለስ የጭነት መኪና ሹፌር ነውና ብዙ ቀን አምሽቶ ነው የሚገባው። ያኔ ታዲያ ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ሆዴ ባር ባር ይለኝና፣ አጥር ተሻግሬ ጨርቅ ነጋዴዋ ጎረቤታችን እትየ ዘይነብ ዘንድ እሮጣለሁ።

እትየ ዘይነብ ፍሙን እየቆሰቆሱ የአያ ጅቦንና የአህያዋን ተረት ያወሩልኛል። የኩራዙ ጭስ ዓይናቸውን ሲያስነባው ለጅቡ የሚያለቅሱ ይመስለኝ ነበር፤ ሁሌ ለእሱ ነዋ የሚያዝኑት፤ ራበው እንጂ ምን አደረገ ይላሉ። ደግሞ ጨርሰውት አያውቁም። አያ ጅቦን ከነረሃቡ የአህያዋ በር ላይ አቁመው ለሶላት ይነሳሉ፤ የቀረው ለነገ ነው። ነገም እንድመጣ ብለው መሆኑ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

አንድ የዒድ ቀን ግን ቤቱ በዘመድ ተሞልቶ ሁሉም ከአንድ ትሪ ሲበላ፣ ለእኔ ምድጃው ጥግ ከምትቀመጥ ትንሽ ድስት ምስር ወጥ ተጨልፎ በሌላ ሳህን ቀረበልኝ። የስድስት ዓመት ልጅ ነኝ፤ የክርስቲያን ሥጋ የእስላም ሥጋ የሚባለውን ነገር ማን ይንገረኝ? እኔ ሞኟ የታየኝ ከሰው መለየቴ ብቻ ነው። ሳህኑን ሳልነካ ወጣሁ። ሦስት ምሽት ጨለማው ቤታችን ውስጥ ኩርምት ብዬ ተቀመጥሁ፤ እትየ ዘይነብ ይናፍቁኛል፣ ኩርፊያዬ ደግሞ አላስሄድ ይለኛል።

በአራተኛው ምሽት ድስቷን በጨርቅ ይዘው መጡ። አጠገቤ ቁጢጥ አሉ።

«እናትሽ ልትሞት ሰሞን አንቺን አደራ አለችኝ» አሉ። «እምነቷን ሳላጎድልባት ላሳድግሽ ብዬ ይችን ገዛሁ። የእኛ ሥጋ ነክቷት አያውቅም። እቤቴ ለብቻው ድስት ያለው ካንቺ ሌላ ማን አለ?»

አለቀስሁ። ከዚያ ምስሩን ጥርግ አድርጌ በላሁ።

ዛሬ ቢቸና አስተምራለሁ። አባቴም እትየ ዘይነብም የሉም። የእትየ ዘይነብን ለቅሶ ልደርስ ሞጣ የሄድሁ ለታ፣ ልጃቸው ካንቺ ወዲህ ማንም አልሠራባትም ብላ ድስቷን ሰጠችኝ። ከትምህርት ቤት ስመለስ የምገባው ሰው የሌለበት ክፍል ነው፤ አልዋሽም፣ ሆድ ይብሰኛል። ጅቡም በር ላይ እንደቆመ ቀረ፤ መጨረሻውን የሚነግረኝ የለም። ያኔ ድስቷን እጥዳለሁ። ከአንድ ሰው በላይ አታበላም። ግን አንድ ሰው በዚህ ዓለም ላይ እኔን ብቻ አስቦ ነው የገዛት።