ዘጠና ዘጠኙን ማን ጠበቃቸው?

ይህ የገጠመኝ ባለፈው ዓመት በገና ሰሞን ወገዳ ገበያ ላይ ነው። እስከ ዛሬ ከሐሳቤ ያልወጣው ከአንድ ጥያቄዬ ጋር ስለተያያዘብኝ ነው።

በዚያ ሰሞን አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ ወንጌል በአማርኛ አነበቡልን። መቶ በጎች ስላሉት ሰው ነበር። አንዷ ብትጠፋበት ዘጠና ዘጠኙን በተራራ ላይ ትቶ ሊፈልጋት ሄደ። ሰው ሁሉ ስለጠፋችው ሲያስብ እኔን የቀሩት አሳሰቡኝ። በግ ጠብቄ ነው ያደግሁት። ለአፍታ ፊቴን ካዞርኩ የሰው ገብስ ውስጥ ናቸው። ታዲያ ዘጠና ዘጠኙን ማን ጠበቃቸው? ልጠይቅ አሰብኩና አፈርኩ። ሰው መሃል መናገር አይሆንልኝም።

በዚያው ሳምንት በገበያው ቀን ከአባቴ ጋር አራት በጎች ይዘን ወገዳ ሄድን። ሦስቱ የእኛ ናቸው። አራተኛዋ የእማሆይ ናት። እማሆይ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ በጎጆ የሚኖሩ መነኩሴ ናቸው፤ ከዚያች በግ ሌላ ሀብት የላቸውም። ብርዱ ስለጠናባቸው ተሽጣ ብርድ ልብስ እንዲገዛላቸው «አደራ» ብለው በእጄ ነበር ያስረከቡኝ።

አባቴ ገመዱን አስይዞኝ በሬ ተራ ያለ ዘመዱን ሊያይ ሄደ። ወዲያው የአንድ አይሱዙ ክላክስ ሲያንባርቅ በጎቹ ደነበሩ። የእማሆይ በግ ገመዷን በጥሳ በሰው መሃል ተፈተለከች።

ደርቄ ቀረሁ። ሦስቱን እየጎተትኩ አልደርስባትም። ትቻቸው ብሮጥ እነሱም ይሄዳሉ። «ያዙልኝ» ብዬ እንዳልጮህ ድምፄ አልወጣም። አንድ ጎረምሳ፣ «በግሽ ኮበለለች፤ አንቺስ ምን ትጠብቂያለሽ?» ብሎ አሳቀብኝ።

አጠገቤ ጨው የምትሸጥ ሙስሊም ሴት ነበረች። በመልክ እንጂ አላውቃትም። እጇን ዘረጋችልኝ።

«ገመዱን ወዲህ በይና ሂጂ።»

ሦስት በግ ለማላውቀው ሰው መስጠቱ አስፈራኝ።

«ኧረ ሂጂ፤ እሷ እንደሆነች አትጠብቅሽም» አለችኝ። ሰጥቻት ሮጥኩ።

በጓ እህል ተራውን አልፋ ወደ ገደሉ መንገድ ስትወርድ አየኋት። ያን ጊዜ ድምፄ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ የእማሆይን በግ ያዙልኝ ብዬ ጮህኩ። አህያ የሚነዱ አንድ ሽማግሌ በዱላቸው መለሷትና እግሯን ያዙልኝ።

በጓን እየጎተትኩ ተጣድፌ ተመለስኩ። ሦስቱስ ባይኖሩ? ሴትዮዋ ገመዱን እጇ ላይ ጠምጥማ፣ ጨዉን በማዳበሪያ ሸፍና ላዩ ላይ ተጎንብሳለች። በጎቹ ጨው ሸቷቸው ሲጋፏት በክርኗ ትመልሳቸዋለች። ገዢዎች ቆመው ይጠብቋታል። አንደኛው በግ የጨዉን ዳር ዳር ልሶታል። በኀፍረት ይቅርታ ልጠይቃት ስል ቀደመችኝ።

«ተገኘች?»

«ተገኘች።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች። በጓ የራሷ ይመስል ፊቷ በራ። ከዚያ ገመዱን እየመለሰችልኝ፣ «እነዚህስ ጨው ሲያዩ ሃይማኖት የላቸውም» አለችኝ።

እማሆይ ብርድ ልብሳቸውን አገኙ። እኔም በሚቀጥለው እሑድ ለመጀመሪያ ጊዜ ቄሱን ጠየቅኳቸው። ፈገግ አሉ።

«ልጄ፣ ዘጠና ዘጠኙ መላእክት ናቸው፤ የጠፋው አዳም ነው። እነሱ ባሉበት ጸንተው የቆሙ ናቸው።»

ትርጓሜው ደስ አለኝ፤ አምኜም ተቀበልኩ። መላእክት ጨው አይልሱም። የእኔዎቹ ግን ይልሳሉ። ስለዚህ ያ ወንጌል በተነበበ ቁጥር፣ ስሙ ያልተጻፈ ገመድ ያዥ በዚያ ተራራ ላይ ነበረ ይሆን እያልኩ አሁንም አስባለሁ።

ገበያ በወጣሁ ቁጥር ከሴትዮዋ ጎን እቀመጣለሁ። የቀትር ሶላት ሲደርስ «ጨዉን አደራ» ብላኝ ትነሣለች። ገዢ ሲመጣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ቆዩ፣ ትመለሳለች እላለሁ። በግ ሲጠጋም በክርኔ እመልሳለሁ።