ለእግሯ የሚቀዳ ሙቅ ውሃ

ሆስፒታሉ በር ላይ ሻይ ስሸጥ ስንቱን አያለሁ መሰላችሁ፣ እንደ እኚህ ጮሌ ሽማግሌ ያለ ግን አላየሁም! ባዶ ሃይላንድ ይዘው ይመጡና የፈላ ውሃ ያስቀዳሉ። በካልሲ ጠቅልለው የታመመች ሚስታቸው እግር ስር ሊያደርጉት ነው።

"አባባ፣ በፈላ ፕላስቲኩ ይኮማተራል፤ ለብ ያለ ልስጥዎት?"

"ለብ ያለውማ ፎቅ ሳልደርስ ይበርዳል፣ ልጄ።"

የተኮማተረውን ሃይላንድ ኮታቸው ውስጥ ሆዳቸው ላይ ለጥፈው፣ ጎንበስ ብለው ይሮጣሉ።

ትናንት "ዶክተሩ በቃ ወደ ቤት ውሰዳት አለኝ፤ እግሯ ሳይሞቅ እንዴት ልውሰዳት?" አሉኝ።

ዛሬም ቀዳሁላቸው። ሄዱና ወዲያው ተመለሱ። ሃይላንዱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት።

"ለሌላ ሰው ስጪው" ብለውኝ ቀስ ብለው ሄዱ።

ስነካው ገና ያቃጥላል።