ስንቁን ይዞ የሚሄድ ፕሮግራም

የቢሮው ሰዎች “እትዬ ስንቅ” ይሏታል። ቦርሳዋ ውስጥ መርፌና ክር፣ ዣንጥላ፣ ትርፍ ካልሲ አይጠፋም፤ ከሰው እስክሪብቶ እንኳ ስትለምን ያያት የለም። ዛሬ ጠዋት የአንድ ክሊኒክን የጨቅላ ሕፃናት ማሞቂያ የሚያሠራ፣ ራሷ የጻፈችውን ፕሮግራም ለመላክ ተቀምጣለች። ኮዷን ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚቀይረውን ኮምፓይለር ስታዝ አንዲት ምርጫ ጨመረችና ኮዷ እየጠራ የሚጠቀምባቸውን ላይብረሪዎች፣ ሌሎች ጽፈው ያስቀመጧቸውን አጋዥ ኮዶች፣ ሁሉንም ፕሮግራሙ ሆድ ውስጥ ከተተቻቸው።

“ኧረ እትዬ፣ ፋይሉ እንደ አቁማዳ ተነፋ እኮ!” አለ ወጣቱ አለቃዋ። “ላይብረሪዎቹን እዚያው ክሊኒኩ ማሽን ላይ ያገኛቸው የለም እንዴ?”

“ካጣቸውስ? ሕፃን ሊበርደው ነው?” አለች ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። “ይሄ ፕሮግራም የኔ ልጅ ነው፤ ስጡኝ እያለ የሰው በር አያንኳኳም። ማንኳኳቱን እኔ ጠግቤዋለሁ፣ የኔ ጌታ።”

አለቃው የጀመረውን ሳቅ ዋጠው።

ከሰዓት በኋላ ከክሊኒኩ አንዲት ነርስ ደወለች። “ማሽኑ ባዶ ነበር፣ አንድም ላይብረሪ አልተጫነበትም አለን ቴክኒሻኑ። ፕሮግራማችሁ ግን እንደከፈትነው ሠራ። ሕፃኗ ሞቋት ተኝታለች።”

“እሰይ!” አለችና ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ቀሚሷን አራግፋ ተነሣች፤ ልጇን እንደዳረች እናት አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ቀስ ብላ፣ ሁሉም እንዲያያት በቢሮው መሐል አለፈች።