የሰዓደት ረዳት

መንጃ ፈቃዱ በታገደበት ዕለት ጅብሪል ከሳሪስ እስከ አቃቂ በእግሩ ተጓዘ። ታክሲ አጥቶ አልነበረም። ሌላ ሰው በሚነዳው ሚኒባስ ውስጥ እንደ ማንም ተሳፋሪ ተጎልቶ "ወራጅ አለ" ማለት ሞት ሆኖበት ነው።

ጥፋቱን አይክድም። ስልክ እያወራ ነድቷል፣ ትርፍ ጭኗል፣ ባልተፈቀደ ቦታ ቆሟል፣ ድፍን መስመር አቋርጦ ዞሯል። ይህ ሁሉ ክስ ሲጠራቀም ቆይቶ፣ በመጨረሻ ሳሪስ ላይ ቀይ መብራት ሲጥስ ዜብራ የሚያቋርጡ አንድ ሽማግሌ ለጥቂት ተረፉ። ያኔ ለስድስት ወር መሪ እንዳይነካ ተወሰነበት።

ሚስቱ ሰዓደት ወሬውን ስትሰማ አልጮኸችም። ቁም ሳጥኑን ከፍታ የራሷን መንጃ ፈቃድ አወጣች። ልጆች ከመውለዷ በፊት የተማሪዎች ሰርቪስ ትነዳ ነበርና ሚኒባስ ለመንዳት የሚያስፈልገው ሕዝብ አንድ አላት፤ ማሳደሱንም አልተወችም። ጅብሪል ታክሲ የሚሠራባት ሚኒባስም ብትሆን ሲጋቡ ከወሎ የመጡት የሁለቱም ወላጆች አዋጥተው የሰጧቸው ናት።

"እኔ እነዳለሁ፤ አንተ ረዳት ትሆናለህ" አለችው።

"እኔ? ወያላ?"

"ታዲያ ሌላ ሰው እንቅጠር?"

ጅብሪል ሌላ ወንድ ከሚስቱ ኋላ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሲጮኽ በዓይነ ሕሊናው መጣበትና እሺ አለ።

እንደምትሳሳት እርግጠኛ ነበር። ማርሽ ይጠፋባታል፣ ዳገት ላይ መኪናዋ ወደ ኋላ ትንሸራተትባታለች፣ "ኧረ ጅብሬ ድረስልኝ" ትላለች ብሎ ጠበቀ። አላለችም። ቀበቶዋን አስራ፣ መስታወቷን አስተካክላ፣ ፌርማታ ላይ ብቻ እየቆመች ትነዳለች። ሳምንቱ ሳያልቅ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ለታሰሩ ልጆቻቸው ምግብ የሚያመላልሱ እናቶች ያገኙትን ታክሲ እያሳለፉ እሷን መጠበቅ ጀመሩ። ምግቡን እንደያዙ መሬት ላይ ተቀምጠው "የሴትዮዋ መኪና መጣች?" ይባባላሉ። ጅብሪል ይህን ሲሰማ በሩን በኃይል ይዘጋዋል። ለአሥር ዓመት ሲነዳ ማንም ቁጭ ብሎ ጠብቆት አያውቅም።

ከሁሉ የባሰው የተራ አስከባሪው የቡልቻ ነገር ነው። አቃቂ ተወልዶ ያደገው ቡልቻ፣ ጅብሪል ይነዳ በነበረበት ዘመን "አንተ! ወደ ኋላ!" እያለ የመኪናዋን ጎን በጥፊ ይጠፈጥፍ ነበር። አሁን "ሰዓዳ፣ ነይ፣ ነይ፣ ትንሽ ግራ ያዢ" እያለ እንደ ሙሽራ መኪና እየመራ ያስገባታል። ጅብሪልን ብዙ ጊዜ የከሰሰው ትራፊክ ሳህሌ እንኳ ስታልፍ እጁን ወደ ቆቡ ያነሳል።

አንድ ቀን እራት ላይ አልቻለም። "ያ ሳህሌ ለምንድነው የሚስቅልሽ?"

"ቀበቶዬን ስለማስር ነዋ!" አለችና ሳቀች።

እሱ አልሳቀም። የትኛው እንደሚያንገበግበው ራሱም አያውቅም፤ ሚስቱን ማየታቸው ነው ወይስ እሱን አለማየታቸው?

አንድ ረቡዕ ጠዋት ቡልቻ ወደ በሩ ጠጋ ብሎ፣ "ሳህሌ ዛሬ ከመታጠፊያው ኋላ ነው የቆመው። ትርፍ እየፈለገ ነው መሰለኝ፤ ለሰዓዳ ንገራት" አለው።

ጅብሪል አልነገራትም። እንዲያውም ሦስት ሰው በሚቀመጥበት የኋላ ወንበር አራተኛ ጨመረ። ሁለት ወጣቶችን ደግሞ መተላለፊያው ላይ አጎንብሰው እንዲቀመጡ አደረገና በመስታወት እንዳታያቸው ራሱ መሀል ቆመ።

"ልክ ነን?" አለች ሰዓደት ሞተሩን እያስነሳች።

"ልክ ነን፣ ሳበው!"

አመነችው። መታጠፊያው ላይ ሳህሌ እጁን ሲዘረጋ በርጋታ ዳር ይዛ ቆመች። ሳህሌ በሩን ከፍቶ ተሳፋሪውን ቆጠረና ፊቱ ተለወጠ። "ሰዓደት፣ አንቺም?"

ዞራ ወደ ኋላ አየች። ወጣቶቹን አየች፣ ቀጥሎ ባሏን አየች። ጅብሪል ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ለአንድ አፍታ፣ እውነት ለመናገር፣ ደስ ብሎት ነበር።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አለች ለሳህሌ። "መሪው የተያዘው በኔ ነው፤ ክሰሰኝ።"

ክሱ እስኪጻፍና ትርፎቹ እስኪወርዱ ጊዜው ነጎደ። ከፊት ወንበር የተቀመጡት እማማ መሰለች በፎጣ የተቋጠረ ሳህናቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሰዓት ይጠይቁ ነበር። ማረሚያ ቤቱ በር ሲደርሱ የጠዋቱ የመጠየቂያ ሰዓት አልፏል። ሰዓደት ከሳቸው ጋር ወርዳ ጠባቂዎቹን ብትለምንም አልሆነም።

እማማ መሰለች ሲመለሱ በጅብሪል ፊት ቆሙ። "ልጄ ዛሬ ልደቱ ነበር" አሉት። ቁጣ የለባቸውም፤ ምን እንዳደረገም አያውቁም። "በል እንካ፣ አንተ ብላው፤ ሲመሽ ይበላሻል።"

ሳህኑን ተቀበለ። እጁ ላይ አሁንም ይሞቅ ነበር። ሰዓደት ወደ መሪው ተመልሳ በመስታወቱ ትመለከተው ነበር።

ማታ ቤት ሲገቡ፣ "ጥፋቱ የኔ እንደሆነ ለሳህሌ ለምን አልነገርሽውም?" አላት።

"ምን ልበል? ባሌ ነው የከዳኝ ልበል? በሰው ፊት?" ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበረ። "ቡልቻ አስቀድሞ እንዳስጠነቀቀህ ነግሮኛል። ጅብሬ፣ ስትታገድ እኔ ስቄብህ አውቃለሁ?"

"ወላሂ አታውቂም።"

"ከነገ ጀምሮ ማርቲ ትረዳኛለች። አንተ ልጆቹን ያዝ።"

የጎረቤታቸው ልጅ ማርቲ ቀልጣፋ ረዳት ሆነች። ጅብሪል ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሶ ሲመለስ ከመንገዱ ዳር ቆሞ ሁለቱ ሴቶች እየሳቁ ሲያልፉ ያያል፤ በማርቲም ቀና። የእገዳው ጊዜ ሲያልቅ የተሃድሶ ሥልጠናውን ወስዶ፣ ተፈትኖ፣ መንጃ ፈቃዱን መልሶ ተቀበለ። ቁልፉን ግን አፍ አውጥቶ ለመጠየቅ አልደፈረም። ሰዓደት ራሷ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት።

"ከምሳ በኋላ ያንተ ናት" አለችው። "ጠዋት ጠዋት ሰዎቼ ይጠብቁኛል።"

በዚህ ዓይነት ከዓመት በላይ ተፈራርቀው ሠሩ። ከዚያ ሰዓደት ለትልልቅ መኪና የሚያስፈልገውን ሕዝብ ሁለት አውጥታ በከተማ አውቶቡስ ሹፌርነት ተቀጠረች። ሚኒባሷ ሙሉ ለሙሉ ለጅብሪል ቀረች። የተመኘው ይኸው ነበር።

አሁን ሳሪስ ላይ ጭኖ ሲጠብቅ ረጅሙ አውቶቡስ በጎኑ ቀስ ብሎ ያልፋል። ሰዓደት ከላይ ሆና እጇን ታነሳለታለች። ዛሬም ቅናቱ ቆንጠጥ ያደርገዋል፤ ለቆታል ማለት ውሸት ነው። ብቻ ከጎኑ የተቀመጠው ተሳፋሪ "ሴት ልጅ ይሄን ሁሉ መኪና!" ብሎ ሲደነቅ ቀድሞ የሚመልሰው እሱ ነው።

"ሚስቴ ናት" ይላል፣ መንገድ መንገዱን እያየ። "ከኔ የተሻለች ሹፌር ናት።"