ያልተለቀመ ማሾ

ነፍሳቸውን ይማርና፣ አጎቴን ስትሮክ መትቷቸው ቀኝ እጃቸው ሲዝል፣ ፊዚዮቴራፒ የምትሠራላቸው ልጅ "ጣትዎ እንዲፍታታ እህል ይልቀሙ" አለቻቸው። እኔ እዚሁ ሸዋሮቢት ማሾ እሸጣለሁ። እሳቸው ግን በየጠዋቱ ምርኩዛቸውን ይዘው ደጄን ያልፉና፣ ማዶ ካለው ተፎካካሪዬ ደጅ ተቀምጠው የሱን ማሾ ይለቅሙ ነበር። በቅናት በገንኩ።

"ጋሼ፣ የኔ ማሾ ምን አጎደለ?"

"ያንተማ ንጹሕ ነው፤ ለጣቴ ምን ሥራ አለው?"

በማግስቱ ንጹሑን ማሾ ከጠጠር ቀላቅዬ ደጄ ላይ አሰጣሁት። ቆም ብለው አዩና፣ "አይ ነጋዴ! ለኔ ብለህ ደንበኛ ልታባርር ነው?" ብለው እየሳቁ አለፉ።

ባለፈው ሳምንት አረፉ። ለቀስተኛው የሚያጽናናው እኔን ነው፤ ባዶ ወንበራቸው የቀረው ግን ማዶ፣ እሱ ደጅ ነው። በዚያም ቀናሁበት።