የጳጉሜን ስድስተኛዋ ቀን

ሀሌታ የሌላ ሰው ኮድ ስትጠቀም ቅንጣት አታፍርም። ላስ ቬጋስ ተወልዳ ያደገች፣ እዚያው አጠገብ ሄንደርሰን ከተማ አባቷ ቤት ተቀምጣ ፕሮግራም የምትጽፍ ልጅ ናት። «አባዬ፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ፤ አንተ አይደለህ ያስተማርከኝ?» ትላለች፣ እንግሊዝኛ እንግሊዝኛ በሚል አማርኛዋ።

በጥቅምት የቤተ ክርስቲያኑን የበዓላት አፕ ስትሠራም፣ የእኛን ቀን ወደ ፈረንጅ የሚቀይረውን ክፍል አንድ የማታውቀው ሰው በነፃ ከለቀቀው ላይ ወስዳ ገጠመችው። አሥር ደቂቃ! ራሷ ብትጽፈው ሳምንት ይፈጅባት ነበር። ምእመኑ መረቃት፤ ባንድ ወር ውስጥም ቀን የሚቆጥር ሰው ጠፋ። ከጎረቤታቸው ከእማማ አስካል በቀር፤ ለእሳቸው ስልክ መደወያ ነው፣ አለቀ።

አባቷ አቶ ተክለማርያም የካዚኖ ሹፌር ናቸው። ድሮ ሱዳን በስደት ሳሉ፣ ነፍሳቸው ብትተርፍ ኅዳር ሚካኤልን በየዓመቱ ሊዘክሩ ተስለው፣ ይኸው አርባ ዓመት አንዴም አላጎደሉም። ዘንድሮም አፑን ቼክ አድርገው፣ ማክሰኞን ኦፍ ጠየቁ።

ሰኞ ሀሌታ ድፎውን ከመኪና ስታወርድ እማማ አስካል ደወሉ።

«ልጄ፣ ዝክሩ መቼ ነው?»

«ነገ ነዋ፣ እማማ!»

«በስመ አብ! ነገ እኮ አሥራ አንድ ነው። ያለፈችው ጳጉሜን ስድስት አልነበረችም እንዴ?»

ሀሌታ ሮጣ ላፕቶፑን ከፈተች። ያ ኮዱን የለቀቀው ሰው ጳጉሜንን ሁልጊዜ አምስት አድርጓት አረፈ! «ስህተት አለው» ብሎ የጻፈለትም ነበር፤ መልስ የሰጠ ግን የለም። እሷስ መች አንብባው!

«ይቅርታ አባዬ፤ ሰውየውን አምኜ ነው።»

«አንቺ ሰውየውን አመንሽ፣ እኔ አንቺን» አሉ አቶ ተክለማርያም ቀስ ብለው። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

እፍረቷን ዋጥ አድርጋ ለሥራ ባልደረባቸው ለአድናን ደወለች። «የነገን የእኔን ሺፍት አባትሽ ይሥራ፣ የረቡዕን እኔ እይዝለታለሁ» አላት። «ለዒድ ለእኔ የሚይዝልኝ ማን ሆነና!»

ረቡዕ ዝክሩ ተዘከረ፤ ስለቱም ተረፈ። ሀሌታ ግን የሰው ኮድ በቃኝ ብላ ሳምንት ሙሉ ቁጭ ብላ የራሷን ጻፈች። ኩራቷ ለጉድ ነበር።

ገና ሲቃረብ አቶ ተክለማርያም ኦፍ ሊጠይቁ አፑን ከፈቱ። «ታኅሣሥ 29» ይላል። ከዚያ ልጃቸውን ሰረቅ አድርገው አይተው ለእማማ አስካል ደወሉ።

«ገና ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ ነው አይደል፣ እማማ?»

«ኧረ ተው! ዘንድሮ ዘመነ ዮሐንስ አይደል? ጳጉሜን ስድስት ሆና ባለፈች ዓመት ሃያ ስምንት ነው የሚውለው!»

አቶ ተክለማርያም ወደ ሀሌታ ዞሩ። «ይሄኛውንስ ማን ጻፈው?»

«እኔው ነኝ» አለች ሀሌታ። ጆሮዋ ድረስ ቀልታ፣ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ አጠገባቸው ተቀመጠች።